ያልበራችው ቀይ መብራት

ዛሬ በአገራችን «ሪሲቨር እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ሳይጠየቅ ወደ ዲሽ ሻጭ ይመራል። እኔ ስፈልግ የኖርሁት ግን የቀድሞውን ነው፤ ራዲዮንና ማጉያን በአንድ የእንጨት ሣጥን አዋሕዶ የያዘውን፣ ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከር የሚሰካበትን፣ ፊቱ ሰፊ መስተዋት የሆነውን ዕቃ። መርካቶ ገብቼ ስጠይቅ የተሳቀብኝ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ስለዚህ አንድ ዘመዴ ከደምበጫ ደውሎ «ያበድህበትን ዕቃ አገኘሁልህ» ባለኝ በማግሥቱ ዓባይን ተሻግሬ ሄድሁ።

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። መንገደኛ በአረቄዋ ያውቃታል። የታሪክ መጻሕፍት ስሟን የሚያነሡት ደግሞ በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከቡሬ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በአጠገቧ ከዊንጌት ጦር አንዱ ክፍል ከሆነው ከ2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ስለተጋጠመ ነው። በዚያው የጎጃም ዘመቻ፣ ጆርጅ ስቲር ይመራው የነበረው የፕሮፓጋንዳ ክፍል «ባንዲራችን» የተሰኘ የአማርኛ ጋዜጣ ከማሰራጨቱም ሌላ፣ ለጠላት ያደሩትን ወታደሮች በድምፅ ማጉያ ይሰብክ ነበር። ጎጃምና ከማሽን የሚወጣ ድምፅ ሲነሡ እኔ ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ሻጯ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው የኤንትሬ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሪሲቨሩ በነጭ ጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ከሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ጨርቁን ገልጠው፣

«እንካ እየው ልጄ። ጀርመን ነው» አሉኝ።

እውነትም ግሩንዲግ ነበር፤ ኑረንበርግ አጠገብ ባለችው በፉርት ከተማ የተቋቋመው ድርጅት ሥራ። ሰውየው በ1966 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጀርመናዊ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ገዙት። ያን ጊዜም አሮጌ ዕቃ ነበር ማለት ነው። በመስተዋቱ ላይ የከተሞች ስም ተደርድሯል፤ ሉክሰምበርግ፣ ሂልቨርሱም፣ ቤሮሙንስተር። አዲስ አበባ የለችም። ከመስተዋቱ በስተቀኝ ጥግ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት አለች፤ ከሥሯ «ስቴሪዮ» የሚል ተጽፏል።

«ይህቺ ትበራ ነበር እማማ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንድ ቀን በርታ አላየኋትም። እሱም ተቃጥላለች ይል ነበር» አሉኝ።

እኔ ግን አልተቃጠለች ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ፤ የጠረጠርሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

የኢትዮጵያ ራዲዮ ታሪክ ከአቃቂ ይጀምራል። አንሳልዶ የተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ የሠራውን ጣቢያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1927 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱ፤ ከዓመት ከመንፈቅ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። (ጣቢያውን የሠራችልንና የወረረችን አገር አንድ መሆኗ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ከነፃነት በኋላ ሥርጭቱ እንደገና ሲቀጥል፣ አገሪቱ ሰፊና ተራራማ በመሆኗ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ነበር። አጭር ሞገድ ከሰማይ ጣራ ላይ እየነጠረ ይወርዳልና ለዓባይ በረሃም ለጮቄ ተራራም ግድ የለውም። ኤፍ ኤም ግን ዐይን እንደሚያይ ሁሉ በቀጥታ ነው የሚጓዘው፤ ገደል ወይም ተራራ ሲገጥመው ያበቃል። ስቴሪዮ የሚባለው፣ የግራና የቀኝ ድምፅ ለየብቻ የሚሰማበት የራዲዮ ሥርጭት ደግሞ የተስፋፋው በኤፍ ኤም ላይ ነው።

አሁን አንድ ዓመት ልጥቀስ፤ 1955 ዓ.ም.። በየካቲት ወር የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎችን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ድምፁ አፍሪካን አልፎ እስያ ይደርስ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በርሊን በተከፈተው የራዲዮ ዐውደ ርእይ ላይ ጀርመኖች የስቴሪዮ ሥርጭታቸውን ለሕዝብ አሰሙ። እኛ ሩቅ ለመድረስ ስንደክም እነሱ ቅርብ ሆኖ ጥሩ ለመስማት ይደክሙ ነበር። በሁለቱ መካከል የተፈጠረ ዕቃ ነው እንግዲህ ወደ እኛ አገር የመጣው። አጭር ሞገዱ ሌሊትና ቀን ሠራ፤ ስቴሪዮው ግን የሚቀበለው አጥቶ ተኛ። አዲስ አበባ ኤፍ ኤም 97.1 ሥርጭት የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ባልና ሚስቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው ደምበጫ ከገቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዕቃውም አብሮ ጡረታ ወጥቷል። በመካከሉ ዓባይ አለ።

ወደ ሌላው ነገር ልመለስ። በመስተዋቱ ላይ፣ በአጭር ሞገዱ መሥመር፣ በምስማር የተጫሩ ሁለት ቀጫጭን ምልክቶች አሉ። ዋጋ ለማስቀነስ እንዲመቸኝ «ይህ ጭረት ያበላሸዋል» አልሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

«የሌሊቱ ነው» አሉኝ። «በጨለማ በጣቱ ዳብሶ እንዲያገኘው።»

የዶቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል ደግሞ በ1982 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀመረ። በደርግ ዘመን እነዚህን ጣቢያዎች ማዳመጥ በር ዘግቶ የሚደረግ ነገር ነበር። ቤታቸው ኮልፌ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጎረቤታቸው የቀበሌ ሰው። ስለዚህ ሹፌሩ ከጀርመናዊው አብሮ የገዙትን የጆሮ ማዳመጫ እየሰኩ ያዳምጡ ነበር።

«እሱ በጆሮው ይሰማል፤ እኔ ፊቱን እሰማለሁ» አሉኝ እማማ።

በ1979 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከናደው ዕዝ ጋር ተመድቦ ነበር። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ዕዙ ሲፈርስ፣ የአገር ውስጡ ራዲዮ በሚያውቀው ዜማ ቀጠለ፤ የውጭዎቹ ግን ያወሩ ነበር። በአንደኛው ሌሊት ሰውየው ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወለቁ፤ ራዲዮውን አጠፉ፤ ውሃ ጠየቁ። ሌላ ምንም አላሉም።

«ምነው? አልሁት። ምንም፣ ሞገዱ ጠፋ አለኝ። ውሃውን ግን አልጠጣውም። ልጄ፣ እኔ ያን ሌሊት ነው ያወቅሁት። ወረቀቱ የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።»

ዝም አልን። ቡና እየፈላ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለ ዋጋ መከራከር አልቻልሁም፤ ስድስት ሺህ ብር አሉኝ፣ ቆጥሬ ሰጠሁ። ሆኖም ገዥ የሆነ ሁሉ ሳይፈትን መግዛት የለበትምና (በተለይ ከአሜሪካ የመጡት 110 ቮልት ስለሆኑ በእኛ 220 ላይ ሲሰኩ ይነዳሉ፤ የጀርመኑ በዚህ በኩል አያሠጋም) ማታ ሁለት ሰዓት ግድም መብራት ላይ ሰካነው። መጀመሪያ እንደ ንብ አጉረመረመ። የድምፅ ማስተካከያውን ሳዞር አቧራው ተንኮሻኮሸ። መካከለኛ ሞገድ ሌሊት ሩቅ ይጓዛል፤ ቀን ቀን የሚውጠው የሰማይ ንጣፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚሳሳ ነው፤ እናም መጀመሪያ የያዝነው ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ የዐረብ ዘፈን ነበር። ከዚያ መርፌውን በጭረቱ ላይ አቆምሁት። ሹክሹክታ ብቻ ነበር፤ ዝናብ የሚመስል። እማማ ጎንበስ ብለው ጥቂት አዳመጡና፣

«ተወው፤ ይበቃል» አሉ።

ዕቃውን በብርድ ልብስ ስጠቀልል የጆሮ ማዳመጫውን አብሬ ላስገባ እጄን ዘረጋሁ። ባለ አምስት እግር መሰኪያው ዛሬ በሌላ በምንም ዕቃ ላይ አይገባም። እማማ ቀድመውኝ አነሡት።

«ይህ አይሸጥም» አሉኝ።

አዲስ አበባ አንድ የራዲዮ ጠጋኝ የደረቁትን ኮንደንሰሮች ለወጠልኝ፤ መርፌውን የሚጎትተው ክር ላልቶ ስለነበረ አጠበቀልኝ። አምፖሏን በመለኪያ ፈትኖ «ደኅና ናት» አለኝ። የስቴሪዮ ጣቢያ ከድምፁ ጋር 19 ኪሎኸርዝ የሆነ፣ ጆሮ ልብ የማይለው ቀጭን ምልክት አብሮ ይልካል፤ ሪሲቨሩ ያን ምልክት ሲያገኝ ነው መብራቷን የሚያበራው። መርፌዋ 104 ላይ ታበቃለች፤ በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ኤፍ ኤም ከዚያ በላይ አያስፈልግም ነበርና። ከ104 ወዲያ ያሉት የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ለዚህ ራዲዮ የሉም። ከዚያ በታች ያሉትን አንድ በአንድ ስፈትሽ፣ በሦስተኛው ላይ መብራቷ ቦግ አለች።

ወዲያው ደምበጫ ደወልሁ።

«በራች እማማ» አልኋቸው።

«ቀዩዋ?»

«ቀዩዋ።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «ምን እያለ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አዳመጥሁ። «ስለ ኳስ ነው የሚያወሩት» አልኋቸው።

«እስቲ ድምፁን ከፍ አድርገው፤ ልስማው» አሉኝ።