ስፖኪዮው ሲንቀጠቀጥ ማን ያያል?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት አይደለም፤ ስለ መኪና ስፖኪዮ ነው። «ቲቸር ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ አንብቡት።

እዚህ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ጠዋት ቆም ብላችሁ ፒክአፖቹን እዩ። ሞተር ተነስቶ መኪናው ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ስፖኪዮው ይንዘፈዘፋል። አንዱ በሽቦ ታስሯል፣ አንዱ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ሌላው ከበሩ ጋር ባለው ክፍተት የጎማ ቁራጭ ተወትፎበታል። ከመኪናው ኋላ ደግሞ አንድ ልጅ እጁን እያወዛወዘ «ና! ና! ና! በቃ!» ይላል። ረዳቱ ነው። እንደኔ እንደኔ ያ መስታወትና ይህ ልጅ ታሪካቸው አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1911 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር ተካሄደ። የዚያን ጊዜ በውድድር መኪና ላይ ሁለት ሰው ነበር የሚቀመጠው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው መካኒክ ነው፤ ሞተሩን ይከታተላል፣ ከኋላ ማን እንደመጣ እየዞረ ይናገራል። ሬይ ሃሩን የተባለው ሾፌር ግን ማርሞን በተባለች መኪና ብቻውን መጣ። ሌሎቹ «ከኋላው የሚያይለት ሰው የለም፣ አደገኛ ነው» ብለው አቤቱታ አሰሙ። እሱ ምን አደረገ? ከፊቱ መስታወት አስገጠመ። ሐሳቡን ያገኘው ከጥቂት ዓመታት በፊት ቺካጎ ውስጥ በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ላይ አይቶ እንደሆነ ተናግሯል። ውድድሩንም አሸነፈ።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። የውድድሩ መንገድ 3.2 ሚሊዮን ገደማ በሚሆን ጡብ የተነጠፈ ነበር። ሃሩን በኋላ እንደተናገረው፣ በዚያ ጡብ ላይ መስታወቱ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ምንም አይታይበትም ነበር! ሰውን አስወርዶ የተተካው ታዋቂው መስታወት ገና ከመጀመሪያው ቀን የተንቀጠቀጠ ነው።

እርግጥ ከሃሩን በፊት ዶሮቲ ሌቪት የተባለች እንግሊዛዊት ሾፌር እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመችው መጽሐፍ ሴቶች የእጅ መስታወት ይዘው የኋላውን እንዲያዩበት መክራ ነበር። ይቺ ሴት ከሃሩን እኩል ብትወሳ ደስ ባለኝ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ለአፄ ምኒልክ መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። የጋራዥ ቋንቋችን በብዛት የመጣው ግን ከጣሊያን ነው። ስፖኪዮ ራሱ «ስፔኪዮ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው፤ መስታወት ማለት ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ... ሁሉም ከዚያው። ሾፌርና ጋራዥ ደግሞ የፈረንሳይኛ ናቸው። «ረዳት» ግን የራሳችን ቃል ነው። ዕቃውን ሁሉ በባዕድ ስም ስንጠራ ሰውየውን በራሳችን ስም ጠራነው።

ሌላም ነገር አለ። በ1956 ዓ.ም. አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሸጋገረች። መሪው በግራ ሲሆን ሾፌሩ የግራውን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ማየት ይችላል፤ የቀኙ ግን የስፖኪዮው ዕዳ ነው። በመናኸሪያ በቀኝ በኩል ያለው ማነው? የሚወርደው ተሳፋሪ፣ ቆሎና ውሃ የሚያዞሩት ልጆች፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ሾልኮ የሚገባው ባጃጅ። ስለዚህ የግራው ደህና ነው ብሎ የቀኙን በሽቦ አስሮ መሄድ ለኔ ነገሩን መገልበጥ ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ ባልሆንም አንዲት ስሌት ልጨምር። መስታወት 1 ዲግሪ ሲዘነበል የምታዩት አቅጣጫ 2 ዲግሪ ይዞራል። 20 ሜትር ወደኋላ ላይ ያ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የአንድ ልጅ ትከሻ ከዚያ ይሰፋል እንዴ?

ጥገናው ብዙ ጊዜ የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ስፖኪዮውን በእጅ ነቅነቅ አድርጉት። መቀመጫው ከበሩ ላይ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ብሎኑ ነው፤ በብዙ ፒክአፖች ከበሩ ውስጥ በኩል ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ስትነቅሉ ይገኛል። እዚያው በላሜራውና በመቀመጫው መሃል ያለውን ጎማ እዩት፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ብሎኑን ብታጠብቁትም ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይላላል፤ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ልክ ተቆርጦ ይተካል። መቀመጫው ጸንቶ ጭንቅላቱ ብቻ ከወዛወዘ መታጠፊያው ላይ ያለው ሞላ ደክሟል። ሁለቱም ጸንተው መስታወቱ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ከጀርባው የያዘው ፕላስቲክ ተሰብሯል ወይም ለቋል። ስፖኪዮው ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን የተሸከመውን ጎማ ጠርጥሩ። ሽቦና ፕላስተር ከነዚህ አንዱንም አይፈታም፤ እንዲያውም ስፖኪዮው ሲገጭ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል።

ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ዛሬ እዚሁ መናኸሪያ ረዳት ነው። ታሪክ ላይ ጎበዝ ነበር። ባለፈው ሳገኘው «ስፖኪዮው ለምን አይሠራም?» አልኩት። «ቲቸር፣ እኔ እያለሁ ምን ያደርጋል ይላሉ» አለኝ እየሳቀ። ቀኑን ሙሉ ወደኋላ በሚመጣ መኪና ጀርባ የሚቆመው እሱ ነው። ኢንዲያናፖሊስ ላይ መስታወቱ ሰውየውን ከመኪናው አስወረደው፤ እኛ ዘንድ መስታወቱ ስለማይሠራ ልጁን ከጎማው ኋላ አቆምነው።

አባታችሁ ወይም አያታችሁ በድሮ ፊያት የጭነት መኪና ሾፌር ወይም ረዳት የነበሩ ካላችሁ፣ ያኔ ስፖኪዮ ነበረው ወይስ ሁሉም በረዳት ነበር? ጠይቃችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ለክፍል እፈልገዋለሁ።