ያረጀውን ስልክ ማን ያድሰዋል?

ባረጀ አንድሮይድ ስልክ ላይ ዋና ዋና የሲስተም ሶፍትዌሮችን በእጅ መጫን ብዙ ጊዜ የጥቂት አፍቃሪዎች መዝናኛ ተደርጎ ይቆጠራል። ታሪኩን ለተከታተለ ሰው ግን አምራቾች ጥለውት የሄዱት ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ፣ ኤችቲሲ ድሪም፣ በጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ በቀረበ በሳምንታት ውስጥ አንድ ቀዳዳ ተገኘበት፤ በቁልፎቹ የሚጻፈው ሁሉ ሙሉ ሥልጣን ላለው የሲስተም ትእዛዝ ተቀባይም ይደርስ ነበር። ጎግል ቀዳዳውን ቶሎ ደፈነው። በቀዳዳው ቀድመው የገቡት ግን የተሻሻሉ የአንድሮይድ ቅጂዎችን ማዘጋጀት ጀምረው ነበር፤ በ2009 የፕሮግራም አዘጋጁ ስቲቭ ኮንዲክ ሲያኖጅንሞድ የተባለው ቅጂ የወጣው ከዚህ እንቅስቃሴ ነው።

ወሳኙ ወቅት መስከረም 2009 ነው። የአንድሮይድ መሠረት ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ማርኬት (የመተግበሪያ መደብሩ)፣ ጂሜይልና ካርታ የጎግል ንብረት ነበሩና ኩባንያው ኮንዲክ እነዚህን ማሰራጨቱን እንዲያቆም በደብዳቤ ጠየቀ። ኮንዲክ አወጣቸው፤ ተጠቃሚው መተግበሪያዎቹን ከራሱ ስልክ ቀድቶ እንዲመልስ ተደረገ፤ ቆይቶም ለብቻቸው የሚጫኑ ጥቅሎች ተለመዱ። በ2012 ጎግል ፕሌይ ሰርቪስስን ካወጣ በኋላ መተግበሪያዎች የሚደገፉባቸው ብዙ ተግባራት፣ ወደ አካውንት መግባትንና አካባቢ ማወቅን ጨምሮ፣ ወደዚያ ተሰበሰቡ። አምራቹን ሳይጠብቁ ማሻሻያ ማግኘት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነበር። ነገር ግን የስልኩ ዕድሜ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከመስከረም 2021 ወዲህ አንድሮይድ 2.3.7ና ከዚያ በታች ባላቸው ስልኮች ወደ ጎግል አካውንት መግባት ቀርቷል። በእጅ ለመጫን የሚያስገድደው እርጅና ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ሁዋዌ ይመሰክራል። በ2019 የአሜሪካ ማዕቀብ ከተጣለበት በኋላ የወጣው ሜት 30 አዲስ ሆኖ ሳለ እነዚህ አገልግሎቶች አልነበሩትም፤ ገዢዎቹም በእጅ ለመጫን ተገደዱ።

ለእኛ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች ጉዳዩ የፊደልም ጉዳይ ነበር። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ቀደምት አንድሮይድ ስልኮች ፎንቱ ስላልነበራቸው አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ፎንቱን ለመጨመር ስልኩን ሩት አድርጎ (ሙሉ ሥልጣን አግኝቶ) የተዘጋውን የሲስተም ክፍል መክፈት ያስፈልግ ነበር።

ይህ አሠራር ለአደጋ ያጋልጣል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ምንጩ ያልታወቀ ፋይል መረጃ ሊሰርቅ፣ የተሳሳተ የሲስተም ጭነትም ስልኩን ከነጭራሹ ሊገድል ይችላል። ይሁን እንጂ የደኅንነት ማሻሻያ የተቋረጠበት ስልክም ለጥቃት የተጋለጠ ነው፤ የመተግበሪያን ዲጂታል ፊርማ አመሳክሮ መጫን ደግሞ የሚቻል ጥንቃቄ ነው። የባለንብረትነት መብትን የሚያነሱም አሉ፤ የ2009ኙ ክርክር ግን ስለ ማሰራጨት ነበር እንጂ ባለቤቱ በገዛ ስልኩ ላይ የሚጭነውን ስለ መከልከል አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ አምራቾች ሽያጭ ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት ማሻሻያ እንዲሰጡ አስገድዷል። መልካም ጅምር ነው። ከ5 ዓመቱ በኋላ ግን ሥራው ተመልሶ በባለቤቱና በጠጋኙ እጅ ይወድቃልና ድጋፉን የሚያቆም አምራች ቢያንስ ሌላ ሲስተም እንዳይጫን የሚቆልፈውን ቡትሎደር ከፍቶ ይሂድ።