«ትኩሳት» እና ሐያስያኑ፤ ከራያ ቆላ ሲታይ

ስለ አቶ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ትኩሳት» የተነገረውና የተጻፈው ቢሰበሰብ አብዛኛው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ሆኖ ይገኛል። ጥያቄውም «ይህ ብልግና ነው ወይስ ጥበብ?» የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፥ ክርክሩ በዚህ ላይ ተቸንክሮ በመቅረቱ የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ፥ ይኸውም በሰው አገር ብቻ የመሆን ነገር፥ እምብዛም ሳይነካ መታለፉን ነው። ለማነጻጸሪያ የምናውቀውን አገር፥ ቆቦንና የራያን ቆላ፥ እንወስዳለን፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ታች ያገኘዋል።

አስቀድመን ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። አቶ ስብሐት በ1928 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ እርባ ገረድ በተባለ መንደር ተወለዱ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ ኦን ፕሮቫንስ ከተማ ለትምህርት ቆዩ። እዚያ ሳሉ የጻፉት ግን ስለ ኤክስ አልነበረም፤ ስለ አዲስ አበባው ውቤ በረሃ ነበር። ይኸውም «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለው ነው። ሰው በባዕድ ከተማ ተቀምጦ የአገሩን የሌሊት ቤቶች አንድ በአንድ የሚቆጥረው የናፈቀው ነገር ቢኖር ነው እንላለን። (የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮማ ላይ መሆኑን ስናስታውስ፥ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ከጥንቱ የስደት ልጅ መሆኑ ይገባናል።) ያ ድርሰት ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ። በፈረንጆች 2004 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ወደ ፈረንሳይኛ መልሰውት አክት ሱድ የተባለው ድርጅት አሳተመው። የድርጅቱ ከተማ አርል ሲሆን ከኤክስ ብዙ አይርቅም፤ መጽሐፉ ወደ ተጻፈበት አገር ተመለሰ ማለት ይቻላል።

«ትኩሳት» የተገላቢጦሹ ነው። የታተመው አዲስ አበባ፥ የሚያወራው ስለ ኤክስ። ለአንባቢ የደረሰውም የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ ነው። ቀድሞ መርማሪው ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን አንባቢው ራሱ ሊሠራው ተነሣ። አንደኛው ወገን መጽሐፉ ስድ ነው፥ ጨዋነታችንን ያዋርዳል፥ ከፈረንጅ የተቀዳ እንጂ የእኛ ባህል አይደለም አለ። ሁለተኛው ወገን፥ ደራሲው እንደ ኤሚል ዞላ ያዩትን ሳይቀቡ ሳይሸፍኑ የሚጽፉ ናቸው፥ እውነትን መጻፍ ነውር አይሆንም ሲል መለሰ። በመካከሉ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚያነብ ሦስተኛ ወገን ነበረ፤ ይኸኛው አልጻፈም፥ አልተከራከረም፥ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን እኛም ከዚህ ሦስተኛ ወገን ብዙ አልራቅንም። ደራሲው በየካቲት 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ክርክሩ አልበረደም።

ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ቢመስሉም ዐይናቸው ያረፈው በአንድ ገጽ ላይ ነው። ከሳሹ ገላውን አየ፤ ጠበቃውም ገላውን አየ። የመጽሐፉን ስም እንኳ ቆም ብሎ የመረመረ ጥቂት ነው። በቆቦ ቆላ ክረምቱ ወጥቶ ትኩሳት ሲባል ሰው ልቡ የሚሄደው ወደ ንዳድ ነው፤ ወባ ወደሚሉት። ንዳድ የያዘውን ሰው ያስታመመ እንደሚያውቀው፥ ትኩሳቱ ብቻውን አይመጣም። መጀመሪያ ብርድ ይመጣል፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ በጋቢ ላይ ተደርቦ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ በኋላ ገላ ይነድዳል፤ ከዚያ ላብ፤ ከዚያ ዝለት። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ብርዱ እንደገና ይመለሳል። «ትኩሳት» እንዲህ ቢነበብ የሚሻል ይመስለናል። ከየአገሩ ተሰብስበው በባዕድ ከተማ የሚኖሩትን እነዚያን ወጣቶች ወደ አልጋ የሚያደርሳቸው ብርዱ ነው፤ ገላቸው የሚነድደው በኋላ ነው፤ ከመኝታውም ማግስት ብርዱ ይመለሳል። ከሳሹም ጠበቃውም የሙቀቱን ሰዓት ብቻ ለክተው ሄዱ።

«የእኛ ባህል አይደለም» የሚለው ክስ ብቻውን ሊመረመር ይገባዋል። በነሐሴ አጋማሽ ፍልሰታ ሲፈታ የቆቦ ልጃገረዶች በሶለል አደባባይ ይወጣሉ፤ ዋግ ሻደይ፥ ላስታ አሸንድዬ የሚሉት ነው። ተሸልመው፥ ከበሮ ይዘው፥ የወደዱትን እያወደሱ ንፉጉን እየነኩ ይዘፍናሉ። በሠርግ ቤት ደግሞ ሌሊቱ ሲገፋ አንገትም፥ ጡትም፥ ዳሌም በየስማቸው ይነሣሉ፤ ሽማግሌው ይስቃል እንጂ አይቆጣም። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንንም ሊቃውንቱ ከነአንድምታው ያስተምሩታል። እንግዲህ የተከለከለው ቃሉ አይደለም፤ ቃሉ በወረቀት ላይ በሰው ስም መቀመጡ ነው። ዘፈን ከሌሊቱ ጋር ያልፋል፥ ባለቤትም የለው፤ መጽሐፍ ግን ነግቶም አለ፥ ባለቤቱም ይታወቃል። እርግጥ ከሳሾቹ ጨርሶ አልተሳሳቱም። ዘፈኑ ጊዜና ሸንጎ አለው፥ የሚሰማውም በሰው መካከል ሆኖ ነው፤ መጽሐፍ ግን ሕፃኑ ብቻውን ወዳለበት ክፍል ይገባል። ይህን ያነሣ ሐያሲ ቢኖር ክርክሩ የሚጠቅም ክርክር በሆነ ነበር።

ቆቦን ለማነጻጸሪያ የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከዚህ ቆላ ብዙ ወጣቶች የዞብልን ተራራ በስተኋላቸው ትተው፥ በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ጅቡቲ፥ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፥ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ የራያ ልጆችም በውስጣቸው ነበሩ። የኤክሱ ተማሪ ክፍል አለው፥ መጽሐፍ አለው፥ ካፌ ተቀምጦ ብቸኝነቱን የሚነግረው ሰው አያጣም። በሰው ቤት ተዘግታ የምትሠራው ልጅ ይህ ሁሉ የላትም። ብርዱ ግን ያው ብርድ ነው።

ስትመለስ የሚጠይቃት ሰው ስለ መንገዱ ይጠይቃታል፥ ስለ ደመወዙ ይጠይቃታል፥ ተደብድባ እንደሆነም ይጠይቃታል። ስለ ሌሊቱ የሚጠይቃት የለም። በዚያ ቤት ማን ደጇን እንዳንኳኳ፥ እርሷስ ማንን እንደ ተመኘች፥ ስንት ዓመት የሰው እጅ ሳይነካት እንደ ኖረች የምትናገርበት ቃል ወይ የሐኪም ቃል ነው፥ ወይ የፖሊስ ቃል ነው። ከሁለቱ ውጭ ያለው አማርኛ ሁሉ «ነውር» ተብሎ ተዘግቶባታል፤ የዘጉባትም በ«ትኩሳት» ላይ የፈረዱት ጨዋ ሰዎች ናቸው።