የግራብ-2 እና የቢሲአር-ኤብል መያያዣ
የፕሮቲን ቅርጽ ማሳያ፣ ፕላስቲክ

ነጩ አካል ቢሲአር-ኤብል የተባለው ካይኔዝ፣ ሰማያዊው ግራብ-2 ነው። ካይኔዝ በፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው። ጤናማው ኤብል በትእዛዝ ይሠራል፣ በትእዛዝ ያቆማል። የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ ግን ቢሲአር ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ማረፍ ያቆማል፤ ሥር የሰደደው የማይሎይድ የደም ካንሰር የሚነሳው ከዚህ ነው። ያጠረውን 22ኛ ክሮሞዞም ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1960 ይፋ አደረጉ፤ ልውውጡን ጃኔት ራውሊ በ1973 አሳዩ።

ቀይዋን ነጥብ በደንብ ይመልከቱ፤ የዚህ ማሳያ ቁም ነገር እሷ ናት። የቢሲአር-ኤብል 177ኛዋ አሚኖ አሲድ፣ ታይሮሲን ነች። ካይኔዙ ፎስፌት የሚለጥፈው በሌሎች ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ አካል ላይም፣ እዚሁ ነው። ግራብ-2 በመካከለኛው ክፍሉ ይህን ፎስፌት ይይዛል፤ በሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ ሶስ የተባለውን ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። ሶስ ራስ የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል፤ ሕዋሱ እንዲከፋፈል የሚያዘው መልእክትም ወደ ኒውክሊየስ ይዘልቃል።

ግራብ-2 ኢንዛይም አይደለም፤ 217 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት አገናኝ ነው። ሆኖም ያለ እሱ የካይኔዙ ጉልበት ብቻውን አይበቃም፦ በአይጦች ላይ ይህች ታይሮሲን በሌላ አሚኖ አሲድ ስትተካ፣ ካይኔዙ መሥራቱን ሳያቆም፣ ያ የደም ካንሰር እንደ ቀድሞው አልተነሳም።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት የሚዘጋው ካይኔዙ የፎስፌት ምንጩን ኤቲፒን የሚቀበልበትን ስፍራ ነው። ፎስፌት ካልተለጠፈ ግራብ-2 የሚይዘው የለም። ዛሬ ብዙ ሕሙማን ይህን ክኒን በየቀኑ እየወሰዱ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ።