የማዕድ ሥርዓትና ጸሎት በእስልምና ታሪክ

የሰው ጠባይ ከሚገለጥባቸው ስፍራዎች አንዱ ገበታ ነው። ሰው በአደባባይ ሲናገር ቃሉን ሊያሳምር ይችላል፤ ተርቦ ከማዕድ ሲቀርብ ግን ለራሱ ምን ያህል፣ አብሮት ለተቀመጠውም ምን ያህል እንደሚያስብ እጁ ይመሰክርበታል። ስለዚህ የእስልምና ሃይማኖት መብልንና መጠጥን በጸሎት አስጀምሮ በጸሎት የሚያስፈጽም ሥርዓት እንዴት እንዳቆመ መመርመር፣ ለታሪክ ተማሪ ቀላል የማይባል ጥቅም አለው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በዚህ ሥርዓት ታሪክ ውስጥ ስሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ብላቴና ከሐበሻ ምድር ጋራ ዝምድና ያለው ነውና።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ ከመካ ሹማምንት ስደት የሸሹ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው በሐበሻ ንጉሥ ጥላ ሥር ተጠለሉ። ከነዚህም መካከል አቡ ሰለማና ባለቤቱ ኡሙ ሰለማ ይገኙ ነበር። ልጃቸው ዑመር በዚሁ በስደት አገር እንደ ተወለደ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። ቤተ ሰቡ ወደ ዐረብ አገር ከተመለሰ በኋላ፣ አቡ ሰለማ በ625 ዓ.ም. በኡሑድ ጦርነት በደረሰበት ቍስል ምክንያት ሞተ። ከዚያም እናቲቱ የነቢዩ ሙሐመድ ሚስት ስለ ሆነች፣ ልጁ በነቢዩ ቤት አደገ።

አንድ ቀን ብላቴናው ከነቢዩ ጋራ በአንድ ገበታ ሲበላ እጁ ወዲያና ወዲህ ይዞር ጀመር። ነቢዩም ሳይቈጡ ሦስት ነገር አስተማሩት፤ ይኸውም የፈጣሪን ስም እንዲጠራ፣ በቀኝ እጁ እንዲበላና ከፊቱ ካለው እንዲቈርስ ነው። ዑመር ካደገ በኋላ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ አበላሉ በዚሁ ትምህርት እንደ ጸና ተናግሯል፤ በኸሊፋው በዐሊ ዘመንም የባሕሬን ገዥ ለመሆን በቅቷል። ቃሉን በ870 ዓ.ም. የሞቱት አል-ቡኻሪና በ875 ዓ.ም. የሞቱት ሙስሊም በየመጽሐፋቸው መዝግበው አቆዩት።

የሦስቱ ትእዛዛት ምክንያት በዘመኑ ኑሮ ይታያል። ለየሰዉ የተለየ ሳሕን አልነበረም፤ ሁሉም በእጁ ከአንድ ዕቃ ይበላ ነበር። ግራ እጅ ለንጽሕና ሥራ የተመደበ ስለ ሆነ፣ ለመብል ቀኙ ተመረጠ። ከፊት መብላትም የጎረቤትን ድርሻ መጠበቅ ነው። ከመሶብ ዙሪያ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል። ስመ ፈጣሪን መጥራት ደግሞ ከሁለቱ ይቀድማል፤ «ቢስሚላህ» የሚል ሰው፣ የቀረበለት ምግብ በኃይሉ ያገኘው ሳይሆን የተሰጠው መሆኑን አስቀድሞ ይመሰክራልና። በመጀመሪያ የዘነጋ ቢኖር፣ ባስታወሰ ጊዜ ለመጀመሪያውም ለመጨረሻውም የፈጣሪን ስም ይጠራል። ሲጠግብ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያመሰግናል፤ እንግዳ የሆነ እንደ ሆነም ለጋበዘው ሰው በረከትን፣ ይቅርታንና ምሕረትን ይለምናል።

በመጠጥም በኩል እንደዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ለነቢዩ በውኃ የተበረዘ ወተት ቀረበላቸው። በግራቸው የቅርብ ወዳጃቸው አቡ በክር፣ በቀኛቸው ስሙ ያልተነገረ አንድ የበረሃ ዘላን ተቀምጠው ነበር። ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ ጽዋው ለአቡ በክር እንዲሰጥ ቢያሳስቡም፣ ነቢዩ ተራው የቀኙ ነው ብለው ለዘላኑ ሰጡት። በሌላ ጊዜ በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሳለ፣ ጽዋውን ለሽማግሌዎቹ ለማሳለፍ የልጁን ፈቃድ ጠየቁ። ልጁ ከእርሳቸው እጅ የሚያገኘውን ድርሻ ለማንም እንደማይለቅ ስለ ተናገረ፣ ጽዋውን በእጁ አኖሩለት። በአገራችን በቀድሞው የግብር ሥርዓት የተጋባዡ ስፍራ በማዕርግ ይመደብ እንደ ነበር ለሚያውቅ፣ ይህ ነገር ብዙ ያሳስባል። ትልቁ ሰው ከተራው በፊት ለመጠጣት ቢፈልግ፣ የትንሹን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆኖበታልና።

የሥርዓቱ ጽናት ይበልጥ የታወቀው በችግር ቀን ነው። ዐብዱላህ ኢብን አል-ዙበይር ከ683 እስከ 692 ዓ.ም. በገዛበት ዘመን፣ በመዲና ለነበሩ ከኢራቅ ለመጡ ሰዎች በድርቅ ጊዜ ተምር ይታደል ነበር። የኸሊፋው የዑመር ልጅ ዐብዱላህ ሲበሉ በአጠገባቸው ባለፈ ቍጥር፣ ባልንጀራው ካልፈቀደለት በቀር ማንም ሁለት ተምር ባንድ ጊዜ አጣምሮ እንዳይጐርስ ነቢዩ መከልከላቸውን ያሳስባቸው ነበር። አንድ ፍሬ ተምር ለጠገበ ሰው ምንም አይደለም፤ በረኃብ ቀን ግን የባልንጀራ ሕይወት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ትምህርቱን በመልክ በመልኩ አደራጁት። በ1111 ዓ.ም. የሞቱት አል-ገዛሊ፣ በአራት ክፍል ያዘጋጁትን ታላቅ መጽሐፋቸውን ሁለተኛ ክፍል የጀመሩት በመብል ሥርዓት ነው። በ1277 ዓ.ም. የሞቱት አን-ነወዊም «አል-አዝካር» በተባለው መጽሐፋቸው የማዕድን ጸሎቶች ሰብስበዋል። እነሆ ዛሬ በሐረርም ሆነ በወሎ፣ በጅማም ሆነ በአዲስ አበባ እስላም ወገናችን እንጀራ ከመቍረሱ በፊት የሚናገረው አጭር ቃል፣ ያ የስደተኞች ልጅ በልጅነቱ የተማረው ነው።

እንግዲህ ገበታ ሲባል የእንጀራው ብቻ እንዳይመስለን። መምህር በትምህርት ቤቱ፣ ሹም በመሥሪያ ቤቱ፣ ሁላችንም የአገር ሀብት በቀረበበት ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠናል። ከፊቱ ያለውን አውቆ እጁን ከሌላው ድርሻ የሚሰበስብ፣ የታናሹንም ተራ የሚጠብቅ ሰው፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ የዚህን አሮጌ ትምህርት ቁም ነገር አግኝቶታል።