መነጽር ለደጋ፣ ጆሮ ለጫካ

ኢንጂነር ነኝና ከሒሳቡ ልጀምር፤ ታገሱኝ። 10 እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይ ባይናኩላር የእጅን መንቀጥቀጥም 10 እጥፍ ያጎላዋል። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሲታሰር ግን ምስሉ ቀጥ ይላል። ተራራው ሁሉ ቆሞ አንዲት ጆሮ ብቻ ብትነቃነቅ ዓይን ወዲያው ይይዛታል። የጥበቃ ካሜራ ሶፍትዌርም እንቅስቃሴ የሚለየው የአሁኑን ምስል ከቀደመው ጋር እያስተያየ ነው፤ ካሜራው ራሱ ከተወዛወዘ ሁሉም ነገር የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል።

በእኛ አገር ለዚህ ዓይነት አደን የሚመቸው ባሌና አርሲ ነው። ደጋ አጋዘን (ያ 10 ሳንቲም ላይ ያለው) ጠዋትና ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ቀን አስታ ውስጥ ይገባል። በፈቃድ የሚያድን ሰው ከማዶ ተቀምጦ ሰዓታት ያያል፤ ወንዱን፣ ያውም ያረጀውን፣ ሳይለይ መተኮስ የለበትም።

መጻሕፍት ይህ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1908 "ተገኘ" ይላሉ፤ ሜጀር አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ገደለው ማለት ነው። በ1910 ሪቻርድ ላይዴከር ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት የገዳዩን ስም ሰጠው። እንዴ፣ ከማን ጠፍቶ ነው የተገኘው? አብረውት የሚኖሩት እረኞች መነጽር አልነበራቸውም እንጂ የሚውልበትን ያውቁ ነበር።

ያም ሆኖ ሜዳው ገላጣ መሆኑ ጠቅሞታል። ከሩቅ የሚታይ እንስሳ ይቆጠራል። ሌስሊ ብራውን በ1960ዎቹ ባሌን አጥንቶ ስለ ደጋ አጋዘን ጻፈ፣ ፓርኩም በ1970 ተመሠረተ።

እኔ የዳሪሙ ልጅ ነኝ። እዚያ ያንን ሁሉ ዕቃ ተሸክመህ ብትመጣ የምታየው የቡና ቅጠል ነው። ከዛፎቹ ሥር ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለው ነገር አይታይም። የጫካ አዳኝ የሚሄደው በኮቴ፣ በፋንድያ፣ በተሰበረ ቅርንጫፍና በጉሬዛ ጩኸት ነው፤ ንፋሱንም ያዳምጣል።

ዝሆንም በዚሁ መንገድ ታደነ። እንግሊዞች በ1902ቱ ስምምነት በባሮ ዳር የንግድ ቦታ ካገኙ በኋላ ከጎሬ ገበያ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ በመርከብም ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በሕይወት ያለውን ዝሆን የቆጠረ አልነበረም። የሚመዘነው ጥርሱ ነበር። ዳሪሙ ላይ ዛሬ ዝሆን አየሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ለእንዲህ ያለ ጫካ ከባይናኩላር ይልቅ የሚሆነው ግንድ ላይ ታስሮ፣ ሙቀት ያለው ነገር ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ነው። ለእሱ ቦታ የሚመርጥለት ግን አሁንም ኮቴ የሚያነብ ሰው ነው፤ እነሱም በየቀበሌው እያረጁ ነው።