ያላረጀውን ማስረጀት፤ ስለ ትናንሽ አምሳያ መኪናዎችና ስለ ዝገታቸው ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣንበት ጉዳይ ለታሪክ ተማሪ የማይመጥን የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ሰው ርዝመቱ ስንዝር ያህል የሆነ የፕላስቲክ አምሳያ መኪና ይገጣጥማል፤ ቀለም ይቀባዋል፤ እስኪያብረቀርቅ ይወለውለዋል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ግን ተመልሶ ቀለሙን ያደበዝዛል፥ ፓራፋንጎውን የዛገ ያስመስላል፥ መስታወቱን በአቧራ ይሸፍናል፥ ጎማውን የተነፈሰ ያደርጋል፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ጥሎት የሄደ አሮጌ መኪና አድርጎ ያቆመዋል። እኛም በመጀመሪያ ነገሩን ስንሰማ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ዕቃ ማበላሸት ነው ብለን ስቀናል። ሆኖም ጉዳዩን ቀረብ ብለን ስንመለከተው ከትምህርታችን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ጥያቄ አገኘንበት። ይኸውም፦ አንድ ዕቃ ያላለፈበትን ዘመን ያለፈበት መስሎ ሲቀርብ ሐሰተኛ ምስክር ነው ወይስ ስለዚያ ዘመን እውነት ሊናገር ይችላል? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱን ለመፈለግ አምሳያ መኪናው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ግዛት በ1948 የተቋቋመው ኤ.ኤም.ቲ. የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ በአሉሚኒየም፥ ቀጥሎም በፕላስቲክ፥ ከእውነተኛው መኪና 25 ጊዜ ያነሱ አምሳያዎችን ይሠራ ነበር። እነዚህ አምሳያዎች ለመኪና ሻጮች የሚቀርቡ የማስታወቂያ ዕቃዎች ነበሩ። ቀለማቸው ሳይቀር የዚያው ዓመት መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቀባው ቀለም ነበር። ሻጩም ለደንበኛው ወይም ለደንበኛው ልጅ ይሰጠው ነበር። በ1958 ኩባንያው ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸውን አምሳያዎች በሣጥን ማውጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። የጄኔራል ሞተርስ መሪ የነበረው አልፍሬድ ስሎን ከ1920ዎቹ ጀምሮ የመኪናው መልክ በየዓመቱ እንዲለወጥ ማድረጉ የታወቀ ነው። ከዚህም የተነሣ ያለፈው ዓመት መኪና ሞተሩ ደኅና፥ ላሜራው ጤነኛ ሆኖ ሳለ አሮጌ ይባል ጀመር። እንግዲህ መኪናን ከዝናብና ከፀሐይ አስቀድሞ ያስረጀው ነጋዴው ነው ማለት ይቻላል። ትንሹ አምሳያም የዚህ ንግድ መልእክተኛ ነበረ፤ የሚናገረውም ስለ አዲስነት ብቻ ነበር። የመኪናው ቀሪ ዕድሜ፥ ማለት ሁለተኛው፥ ሦስተኛውና አራተኛው ባለቤት፥ ክረምቱ፥ የጎደለው ገንዘብ፥ በመጨረሻም ከቤት ኋላ ሣር በቅሎበት የቆመበት ዘመን፥ በዚህ ዕቃ ላይ ቦታ አልነበረውም።

አምሳያን የማስረጀት ልማድ የተስፋፋው ግን በመኪና ሠሪዎች ዘንድ ሳይሆን በትናንሽ ባቡር ሠሪዎች ዘንድ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ጥቀርሻ የሌለበት ሆኖ ከታየ ማንም አያምነውም። በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ከተማ ይኖር የነበረው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አለን (1913–1973) በዚህ ረገድ ስሙ ከሁሉ በላይ ይነሣል። ከ1946 አንሥቶ በሠራው ትንሽ የባቡር ዓለም ውስጥ ፉርጎዎቹ የተቧጨሩ፥ ጣውላዎቹ ፀሐይ ያነጣቸው፥ ጣሪያዎቹ የዘመሙ ነበሩ። የባቡሩን መሥመር ስም እንኳ «ጎር ኤንድ ዳፌቲድ» ብሎት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ቶሎ ሲነበብ «ደም የለበሰና ድል የተነሣ» እንደ ማለት ይሰማል። ሰውዬው በጥር 1973 ከሞተ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቱ ላይ እሳት ተነሥቶ የሥራውን አብዛኛውን ክፍል አጥፍቶታል። በ1970ዎቹም የጦር ታንክ አምሳያ የሚሠሩ ሰዎች ጭቃውንና ዝገቱን በሰፊው ተከተሉ። የመኪና አምሳያ ሠሪዎች ግን ከሁሉ ዘግይተዋል ለማለት እንደፍራለን፤ ዋናው ሙያ ማንጸባረቅ ነው የሚለው የነጋዴው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃቸውምና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሠሪው መጀመሪያ መላውን አካል የዝገት መልክ ባለው ቡናማ ቀለም ይቀባል። ከዚያም ዝገት ሊወጣባቸው በሚገቡ ስፍራዎች ላይ ውሃ ነክቶ ሻካራ የገበታ ጨው ይነሰንሳል፤ ሲደርቅ በላዩ የመኪናውን ቀለም ይቀባበታል። ቀለሙም ከደረቀ በኋላ ጨውን በብሩሽ ሲያራግፈው ቅርፊቱ እየተላጠ ከሥሩ ዝገቱ ይታያል። ሌሎችም በጨው ፈንታ ለጠጉር የሚነፋውን ፈሳሽ ይጠቀማሉ፤ ይህ በውሃ ስለሚሟሟ የላይኛውን ቀለም በርጥብ ብሩሽ እያሹ ማንሣት ይቻላል። በበር ክፍተትና በስፌቱ ላይ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም ያፈሳሉ፤ በመጨረሻም የተፈጨ ጠመኔ እንደ አቧራ ይነሰንሳሉ።

እጁ የለመደ ሰው ይህን በአንድ ቀን ይማረዋል። አስቸጋሪው ዝገቱ የት ይሁን? ለምንስ በዚያ ይሁን? የሚለው ነው። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክሲጅን ሲገናኙበት ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። በሰሜን አሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በረዶውን ለማቅለጥ በየመንገዱ ጨው መበተን ተስፋፋ። ስለዚህ የሚሺጋን መኪና የሚዝገው ከሥር ወደ ላይ ነው፤ ከጎማው ኋላ ያለው ፓራፋንጎ፥ የውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ በጭቃ የተደፈነበት የበሩ ታችኛ ጠርዝ፥ ወለሉና ማርሚታው አስቀድመው ይበላሉ። በአሪዞና በረሃ የተጣለ መኪና ግን ከላይ ወደ ታች ያረጃል። ላሜራው አሥርተ ዓመታት ቆይቶም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የሚቃጠለው የኮፈኑ፥ የጣሪያውና የኋላ ክዳኑ ቀለም ነው፤ ወደ ሰማይ የተዘረጋው ገጽ ከጎኑ ይልቅ ፀሐይ ይጠጣልና። የመቀመጫው ጨርቅ ይበጣጠሳል፤ የጎማው ላስቲክ ይሰነጣጠቃል። እንግዲህ አንድ ሠሪ የአሪዞና ሰሌዳ በለጠፈበት መኪና ላይ የበሩን ታች አብስብሶ ኮፈኑን ግን የሚያብረቀርቅ ቢያደርገው፥ ዘመኑንና አገሩን እንዳሳሳተ ጸሐፊ ነው።

ልኬቱም እንዲሁ ሰውን ይፈትናል። በመኪና ላይ ያለው ቀለም ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ይህ በ25 ሲካፈል ከሚሊሜትር ከሺህ አራት እጅ ይሆናል፤ በዓይን አይታይም ማለት ነው። በአምሳያው ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ልጣጭ በእውነተኛው መኪና ላይ 12 ሚሊሜትር ተኩል ትሆናለች። ብዙ ሠሪዎች ግን ቅርፊቱን ዳቦ የተቆረሰ አስመስለው ያወፍሩታል። ለዓይን ያምር ይሆናል፤ መኪናው ግን በዚያ ልክ ቢላጥ ኖሮ የተቀባው በኖራ ነው ማለት ይሆናል።

ወደ አገራችን መለስ ብለን ብናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ለቀለም ብርቱ ጠላት ናት፤ በመንገዷም ላይ የበረዶ ጨው የለም። መኪናም በቀላሉ አይጣልም። ለብዙ ዓመታት ያገለገሉትን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ያስታወሰ ሰው እንደሚያውቀው፥ እርጅናቸው የሚነበበው በተደራረበው ቀለም፥ በስቱኮው እብጠትና ጋራዥ ውስጥ በመዶሻ ተቀጥቅጦ በተመለሰው ላሜራ ላይ ነበር። ያንን ላዳ የሚሺጋን ዝገት አልብሶ የሚያቀርብ ሰው የታክሲውን ባለቤትና የቀጥቃጩን ድካም ከታሪኩ ሰረዘ ማለት ነው። ችላ መባልና በችግር ታግሎ መኖር የተለያዩ ናቸው፤ በላሜራው ላይም የተለያየ ምልክት ይተዋሉ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ስንወያይ ይህ ሁሉ ያው ማጭበርበር ነው ብለው ተከራክረውናል። ምሳሌያቸውም ቀላል አልነበረም። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሃን ፋን ሜገረን የራሱን ሥዕል የ17ኛው መቶ ዓመት የቬርሜር ሥራ አስመስሎ አቅርቦ በ1930ዎቹ መጨረሻ ለሮተርዳም ሙዚየም እስከ መሸጥ ደርሷል። ቀለሙን ከባክላይት ዓይነት ጋር አዋሕዶ በምድጃ አደረቀው፤ ሸራውን እየጠቀለለ አሰነጣጠቀው፤ በስንጥቁም የዘመናት አቧራ እንዲመስል ጥቁር ቀለም አገባበት። በ1945 ተይዞ በ1947 ተፈርዶበታል። በስንጥቅ ውስጥ ጥቁር ቀለም ማስገባት የአምሳያ ሠሪውም ሥራ መሆኑን አንክድም፤ እጁ አንድ ነው። ነገር ግን ፋን ሜገረን ስለ ዕቃው ዋሸ፤ ይህ ሸራ 300 ዓመት ኖረ አለ። አምሳያ ሠሪው ስለ ዕቃው የሚለው ነገር የለም፤ ፕላስቲኩ የትናንት መሆኑን ተመልካቹም ያውቃል። የሚናገረው እንዲህ ያለ መኪና በእንዲህ ያለ ስፍራ ምን እንደሚደርስበት ነው፤ ሊጠየቅም የሚገባው በዚህ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሙያው ጥፋት ማታለል ሳይሆን ስንፍና ነው፤ ይኸውም ምክንያት የሌለው ዝገት ነው።

ይህን ስንጽፍ አንድ የሚያስገርም ነገር ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም፤ አምሳያ መኪና ራሱም በእውነት ያረጃል። በ1950ዎቹ ከሴሉሎስ አሴቴት የተሠሩት የሻጮች አምሳያዎች ከዓመታት በኋላ ተጣመሙ፤ ጣሪያቸው ሰመጠ፥ ጎናቸው ተቆለመመ። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከ1934 ጀምሮ ዲንኪ በሚል ስም የወጡት የዚንክ ቅይጥ መኪናዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት በተለይ የባሰ ደርሶባቸዋል። በቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከገባ ብረቱ ከውስጥ እየተበላ ያብጣል፥ ይሰነጠቃል፥ በመጨረሻም በእጅ ውስጥ ይፈረፈራል። በመንገድ ላይ የሄደ መኪና እንዲህ አርጅቶ አያውቅም፤ ስንጥቁ በጣሪያው መካከል ያልፋል፥ ቸርኬው እንደ ደረቀ ጭቃ ይከፈላል፥ ቀለሙ ግን በላዩ እንዳማረ ሊቀር ይችላል። ያለ ዝናብ፥ ያለ ጨው፥ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይፈርሳል። ሰብሳቢዎችም ቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ እየፈለጉ ያኖሩታል፤ ይህ ያዘገየዋል እንጂ አንድ ጊዜ ከጀመረ የሚያቆመው ነገር የለም።